ርካሹ ቦርድ ውዱን በብዙ እጥፍ በለጠው፤ የቱን ልመን?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነው? ደሴ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ላባችን ኢንተርኔት የለውም። ስለዚህ ኪዊክስን (ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን) እና ሙድልን (ትምህርትና ፈተና የሚሰጥበትን) የሚሸከም ትንሽ ሰርቨር ልሠራ አስቤ ሁለት ቦርድ፣ ማለትም በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለቁ ትንንሽ ኮምፒውተሮች፣ ይዣለሁ። አንዱ ራስቤሪ ፓይ 4 ነው፣ ሌላው ኦሬንጅ ፓይ ዜሮ 3። ሁለቱም ባለ 4 ጊጋ ናቸው። ሲስቤንች በሚባለው የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ስለካቸው ርካሹ ኦሬንጅ ፓይ በብዙ እጥፍ በለጠ። ዴስክቶፕ ከፍቼ ስሠራባቸው ግን ፓይ 4 በግልጽ ይፈጥናል። ሶፍትዌሩ ይሆን ብዬ የሲስተሙን ዓይነት በሚያሳየው በዩኔም ትእዛዝ አየሁት፣ ሁለቱም 64 ቢት ይላሉ። የቱን ልመን? ደግሞ የአጎቴ ልጅ ለገና ከአሜሪካ ይመጣል። ፓይ 5 ላስመጣ ወይስ ያለኝ ይበቃል? በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙት 30 ተማሪዎች ናቸው።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላረጋጋህ። ሁለቱም ቦርዶችህ ደህና ናቸው። ሲስቤንችም አልተበላሸም። ዓይንህም አልተሳሳተም፤ ለአብዛኛው ሥራ ፓይ 4 ፈጣኑ ነው። ጥያቄህን በጣም ወድጄዋለሁ። ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ ቦርዱን ይገዛል። አንተ ግን ቁጥሩና ዓይንህ ሲጣሉ ቆም ብለህ ጠየቅህ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ከሲስቤንች ልጀምር። የሲፒዩ ፈተናው የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምንም ካልነገርከው እስከ 10 ሺህ ያሉትን ቁጥሮች እያነሳ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ፕራይም፣ መሆን አለመሆናቸውን ያጣራል። ለማጣራት ያካፍላል። ቀሪ ካለ ያያል፣ እንደገና ያካፍላል። ሥራው በሙሉ ማካፈል ነው። ዳታው በጣም ትንሽ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለችው ትንሽ ፈጣን ማስታወሻ፣ ከካሽ፣ አይወጣም። ራሙን አይነካም። ካርዱን አይነካም። ኔትወርኩን አይነካም። በእውነተኛ ሥራ ላይ ቦርድን የሚያዘገዩት ነገሮች በሙሉ ከፈተናው ውጪ ናቸው።

ዋናው ጉድ ያለው ማካፈሉ ላይ ነው። ሲስቤንች ቁጥሮቹን የሚይዘው በ64 ቢት ነው። በ64 ቢት የተዘጋጀ ፕሮግራም ይህን ማካፈል ለፕሮሰሰሩ በአንድ ትእዛዝ ይሰጠዋል። በ32 ቢት የተዘጋጀው ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለውም። ያንኑ ማካፈል በብዙ ትናንሽ እርምጃዎች ይሠራዋል። ልጆች በወረቀት ረጅም ማካፈል ሲሠሩ አስብ። በዚያ ላይ ባለ 32 ቢቱ የራስቤሪ ፓይ ሲስተም የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ2012 ለወጣው የመጀመሪያው ፓይና ለትንሿ ፓይ ዜሮ እንዲሠራ ጭምር ነው። የእነዚያ ፕሮሰሰር ኤአርኤምቪ6 የሚባለው ትውልድ ነው። ያ ትውልድ ለሙሉ ቁጥር የማካፈል ትእዛዝ ጨርሶ አልነበረውም። ስለዚህ የአንተ ፓይ 4 ማካፈል እየቻለ፣ ማካፈል ለማይችል ፕሮሰሰር በተጻፈ ፕሮግራም ነው የተፈተነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ሌላ ቦርድ አያስፈልግም። አንዱን ፓይ 3 ወስደህ በ32 ቢትና በ64 ቢት ሲስተም ብትለካው፣ የሲስቤንች ውጤት አስር እጥፍ ገደማ ይለያያል። ቦርዱ ያው ነው፣ ሰዓቱ ያው ነው፣ ቻርጀሩም ያው ነው። የተቀየረው ፕሮግራሙ የተዘጋጀበት መንገድ ብቻ ነው።

«ግን ዩኔም 64 ቢት አለኝ እኮ» ትለኛለህ። እውነትህን ነው፣ ይሄ ብዙ ሰው ያሳሳተ ነገር ነው። ዩኔም የሚነግርህ ስለ ከርነሉ፣ ማለትም ስለ ሲስተሙ እምብርት፣ ብቻ ነው። ከ2023 ጀምሮ ባለ 32 ቢቱ የራስቤሪ ፓይ ሲስተም ፓይ 4 ላይ ሲነሳ በ64 ቢት ከርነል ነው የሚነሳው። በላዩ ያሉት ፕሮግራሞች ግን እንደ ድሮው 32 ቢት ናቸው። በሩ አዲስ ነው፣ ቤቱ የድሮው ነው። ትክክለኛውን ለማወቅ «ጌትኮንፍ» በሚለው ትእዛዝ «ሎንግ ቢት»ን ጠይቅ። 32 ካለህ ነገሩ ተፈታ። እኔ 32 እንደሚልህ አልጠራጠርም። ኦሬንጅ ፓይ ላይ የጫንከው ደግሞ ሙሉ በሙሉ 64 ቢት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባለ 64 ቢቱ የራስቤሪ ፓይ ሲስተም ከየካቲት 2022 ጀምሮ በይፋ አለ። እሱን ጫንና እንደገና ለካ። ለሰርቨር ስለምትፈልገው ዴስክቶፕ የሌለውን፣ «ላይት» የሚባለውን ምረጥ።

አሁን ወደ ቺፖቹ እንግባ። ኦሬንጅ ፓይ ዜሮ 3 ላይ ያለው ኦልዊነር ኤች618 ነው። አራት ኮርቴክስ ኤ53 ኮሮች፣ ማለትም ሥራውን የሚሠሩ የፕሮሰሰር ክፍሎች፣ አሉት፣ ሰዓታቸው (ፍጥነታቸው) 1.5 ጊጋኸርዝ ነው። ፓይ 4 ላይ ያለው ብሮድኮም ደግሞ አራት ኮርቴክስ ኤ72 አለው። ሰኔ 2019 ሲወጣ 1.5 ጊጋኸርዝ ነበር። አዳዲሶቹ እትሞች ዛሬ እስከ 1.8 ይሄዳሉ። በወረቀት ላይ ካየሃቸው ተመሳሳይ ይመስላሉ። አራት ኮር ከአራት ኮር፣ ሰዓቱም ተቀራራቢ። ልዩነቱ ኮሩ ሥራውን የሚሠራበት መንገድ ላይ ነው።

ኤ53 ትእዛዝን በመጣበት ቅደም ተከተል ነው የሚሠራው። ወጥ ሠሪ አስብ። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ድስቱ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን። ተራው ሳይደርስ ሌላ ነገር አትነካም። ኤ72 ግን ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ሥጋውን ትከትፋለች፣ ነጭ ሽንኩርቱን ትልጣለች፣ ውሃውን ትጥዳለች። ወጡ ሲቀርብ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፣ ግን የባከነ ጊዜ የለም። ፕሮሰሰር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ራምን ነው። ብሮውዘር፣ ዳታቤዝ፣ ሙድል የተጻፈበት ፒኤችፒ፣ ሁሉም ራም ላይ ወዲያ ወዲህ የሚዘሉ ናቸው። እዚያ ላይ ነው ኤ72 የሚያሸንፈው። ዴስክቶፑ ላይ ያየኸው ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ለርካሹ ቦርድ ፍርድ ልስጠው። በአንድ ሥራ ኦሬንጅ ፓይህ ፓይ 4ን የምር ይበልጠዋል። ያም ኤኢኤስ የሚባለው ምስጠራ ነው። የፓይ 4 ቺፕ ውስጥ ኤ72ን የሚያግዙት የምስጠራ ትእዛዞች አልተካተቱም። ኤች618 ውስጥ አሉ። ስለዚህ የተመሰጠረ ዲስክ ወይም በኤኢኤስ የሚሠራ ቪፒኤን ከሆነ ሥራህ፣ ርካሹ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ይህ እንደ ሲስቤንቹ የመለኪያ ስህተት አይደለም፣ በሥራ ላይ የሚታይ ልዩነት ነው። ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን የሚጠቀመው ምስጠራ ግን ቻቻ20 ነው። እሱ ያለ ልዩ ትእዛዝም እንዲፈጥን ሆኖ ስለተሠራ ፓይ 4ን አያስቸግረውም። ፓይ 5 ላይ የምስጠራ ትእዛዞቹ ገብተዋል። ለአንተ ላብ ይሄ ጉዳይ ብዙም አይደለም። 30 ተማሪ በግቢ ውስጥ ለሚጠቀምበት ገጽ ምስጠራው ሸክም አይሆንም።

እንግዲህ በምን እንለካ? ለጠቅላላ ሥራ እኔ የማምነው ፋይል የሚጨምቀው ፕሮግራም፣ የ7-ዚፕ፣ ፈተና ነው። መጭመቅና መፍታት ራሙንም ካሹንም ኮሩንም አንድ ላይ ያሠራል፤ 32 ይሁን 64 ቢት እንደ ሲስቤንች አያዛባውም። ለአንተ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ኪዊክስ መጽሐፉን የሚያስቀምጠው ተጨምቆ ነው። ተማሪ አንድ ገጽ ሲከፍት ሰርቨሩ ያንን ክፍል ፈትቶ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ለላብህ የሚጠቅምህ የመፍታቱ ቁጥር ነው። ለመነሻ ያህል፣ በሁሉም ኮር ሲለካ ፓይ 4 ከ5 እስከ 6 ሺህ ነጥብ አካባቢ ይሰጣል። ፓይ 5 ወደ 11 ሺህ ይጠጋል። ኦሬንጅ ፓይ 5 እና ሮክ 5ቢ ላይ ያለው ሮክቺፕ አርኬ3588 ስምንት ኮር ስላለው 16 ሺህን ያልፋል። በአንድ ኮር ብቻም ለካው። አንድ ተማሪ አንድ ገጽ ሲከፍት የሚሰማው የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው። ሠላሳው ባንዴ ሲከፍቱ ነው የሁሉም ድምር ጥቅም ላይ የሚውለው።

ኤስቢሲ-ቤንች የሚባል ነፃ ስክሪፕትም አለ። 7-ዚፕን፣ የራም ፍጥነትንና ምስጠራን አንድ ላይ ይለካል። እኔ የምወደው ግን ሌላ ጥሩ ጸባዩን ነው። እየለካ ሳለ የፕሮሰሰሩን እውነተኛ ሰዓትና ሙቀት ይከታተላል። ቦርዱ በሙቀት ፍጥነቱን ከቀነሰ ወይም ሌላ ፕሮግራም ከጀርባ እየሠራ ከሆነ ይነግርሃል።

ሙቀትን ካነሳን አይቀር። የራስቤሪ ፓይ ቺፕ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ሰዓቱን መቀነስ ይጀምራል። 85 ላይ ደግሞ በደንብ ይቀንሳል። ራቁቱን የተቀመጠ ፓይ 4 ሁሉንም ኮር ስታሠራው እዚያ ለመድረስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። በጠባብ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከሆነ የባሰ ነው። የአንድ ደቂቃ ፈተና የሚነግርህ ቦርዱ ቀዝቃዛ እያለ ያለውን ፍጥነት ነው። ክፍለ ጊዜህ ግን 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 20 ደቂቃ አሠራውና የመጨረሻውን ቁጥር ውሰድ። ደሴ ቀዝቃዛ ከተማ መሆኗ ይረዳሃል። ሆኖም ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። ትንሽ ሂትሲንክ፣ ሙቀት የሚያስወጣ ብረት፣ ለጥፍበት። ትንሽ ፋን ካገኘህ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

ከሙቀት በላይ ሰው የሚጎዳው ግን በኃይል ነው። ይሄን ከራሴ ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወዳጄ ቢሮ ፓይ 4 አቆምኩ። ከአንድ ሱቅ «3 አምፔር» የተጻፈበት ቻርጀር ገዛሁ። ቦርዱ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ግን ያዘግማል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲስተሙን ስቀያይር ቆየሁ። ካርድ ቀየርኩ። ቦርዱንም ተበላሽቷል ብዬ አሰብኩ። በመጨረሻ ወፍራምና አጭር ኬብል ሳደርግበት ችግሩ ጠፋ። ቻርጀሩ የሚሰጠው ኃይል በዚያ ቀጭን ረጅም ኬብል መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። ፓይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከ4.63 በታች ሲወርድ ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ስክሪን ካለህ የመብረቅ ምልክት ታያለህ። ሰርቨር ስክሪን ስለሌለው ግን ማንም አያየውም።

ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ «ጌት ትሮትልድ» የሚለውን የፓይ ትእዛዝ እንድታስኬድ የምለምንህ። መልሱ 0 ብቻ ከሆነ ሰላም ነው። 50000 ካለህ፣ አሁን ደህና ቢሆንም ቦርዱ ከተነሳ ወዲህ ኃይል አንሶት ፍጥነት ቀንሶ ነበር ማለት ነው። 50005 ካለህ አሁንም በዚያው ላይ ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት የወሰድከውን ቁጥር ጣለው። የለካኸው ቦርዱን ሳይሆን ኬብሉን ነው።

አሁን ለአንተ ሥራ ከሁሉም የሚበልጠውን ላንሳ። ላብህን የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩ አይሆንም። ዳታው የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ሁለቱን ሥራዎች ለያይተህ እይ። ኪዊክስ ማንበብ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ የተለያየ ገጽ ስለሚከፍቱ ከትልቁ ፋይል እዚህም እዚያም ትናንሽ ቁራጮች ይነበባሉ። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነምስሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ራም ውስጥ አይገባም። ሙድል ደግሞ ይጽፋል። 30 ልጆች ፈተና ጨርሰው ባንዴ «አስገባ» ሲጫኑ ዳታቤዙ ለእያንዳንዱ መልስ ካርዱ ላይ መጻፉን ማረጋገጥ አለበት። ሳያረጋግጥ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ትናንሽ ጽሑፎች፣ አንድ በአንድ፣ በወረፋ። ሚሞሪ ካርድ ደግሞ ከሁሉም የሚጠላው ይሄንን ነው።

ካርዱ ላይ «ክላስ 10» የሚለው ጽሑፍ እዚህ አይጠቅምህም። እሱ በተከታታይ ሲጻፍ በሴኮንድ ቢያንስ 10 ሜጋባይት ማለት ነው፣ ለካሜራ የሚሆን መለኪያ። አንተ ማየት ያለብህ «ኤ1» ወይም «ኤ2» የሚለውን ምልክት ነው። ኤ1 በሴኮንድ ቢያንስ 1,500 ትናንሽ ንባብና 500 ትናንሽ ጽሑፍ ይችላል ማለት ነው። ኤ2 ደግሞ 4,000 እና 2,000። የኤ2 ሙሉ ጥቅም የሚገኘው ግን ቦርዱ ካርዱን በዚያ መንገድ ማናገር ሲችል ነው። ፓይ 4 ላይ ለኤ2 ተጨማሪ ብር አታውጣ። ተራ ኤስኤስዲ በዩኤስቢ 3 ቢሰካ እነዚህን ሁሉ በብዙ ይበልጣቸዋል።

የሁለቱ ቦርዶችህ እውነተኛ ልዩነት እዚህ ላይ ወጣ። ፓይ 4 ሁለት የዩኤስቢ 3 መሰኪያ አለው። ኦሬንጅ ፓይ ዜሮ 3 ያለው ዩኤስቢ 2 ብቻ ነው። ኤስኤስዲ ብትሰካበት በሴኮንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ፓይ 4 ላይ ያው ኤስኤስዲ ወደ 10 እጥፍ ሊሰጥህ ይችላል። ኔትወርካቸው ግን እኩል ነው፤ ሁለቱም ትክክለኛ ጊጋቢት አላቸው። ድሮ በፓይ 3 ዘመን ኔትወርኩና ዩኤስቢው አንድ ጠባብ መንገድ ይጋሩ ነበር። ፓይ 3ቢ ፕላስ ጊጋቢት ይባል እንጂ ከ300 ሜጋቢት አካባቢ አያልፍም ነበር። ፓይ 4 ከዚያ የተላቀቀ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ሰርቨርህ ፓይ 4 ይሁን። ኦሬንጅ ፓይውን ለመጠባበቂያ ቅጂ ተጠቀምበት፣ ወይም ተማሪዎች ሊኑክስ እንዲማሩበት ስጣቸው።

ኤስኤስዲ ስትገዛ ሁለት ነገር ልብ በል። የዩኤስቢ መለወጫው ቺፕ ዓይነት ይወስናል። አንዳንዶቹ ከፓይ 4 ጋር አይስማሙም፤ ሥራ መሀል ዲስኩ ይጠፋል። ከመግዛትህ በፊት ቦርድህ ላይ ሰክተህ አንድ ትልቅ ፋይል ገልብጥበት። ሁለተኛ፣ ዩኤስቢ 3 በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጩኸት ያወጣል። ፓይው ራሱ ዋይፋይ እንዲያሠራጭ ካደረግከው ሊረብሸው ይችላል። ለነገሩ 30 ተማሪ በፓይ ዋይፋይ ላይ አትጫን። ያቺ ትንሽ አንቴና ለዚያ አልተሠራችም። ተራ ራውተር ፈልግ፣ ፓይውን በኬብል አገናኘው። ደግሞ ዲስኩን በኢኤክስቲ4 ፎርማት አድርገው። ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል የኪዊክስ ትልልቅ መጻሕፍት አይገቡም።

ፓይ 5ን በተመለከተ። ጥቅምት 2023 የወጣው ይህ ቦርድ በእውነት ጥሩ ነው። አራት ኮርቴክስ ኤ76 በ2.4 ጊጋኸርዝ። ከፓይ 4 ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል፤ እዚህ ላይ ማስታወቂያውና ልኬቱ ይስማማሉ። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን ዲስክ የሚሰካበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመርም አለው። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ እንዲሠራ 5 ቮልት በ5 አምፔር ይፈልጋል። ይሄ የስልክ ቻርጀር አይደለም፣ ደሴ ገበያ ላይም በቀላሉ አታገኘውም። በ3 አምፔር ብታስነሳው ለዩኤስቢ የሚሰጠውን ኃይል ወደ 600 ሚሊአምፔር ይቀንሰዋል። ያ ለብዙ ኤስኤስዲዎች አይበቃም። ከገዛህ ቻርጀሩንና ማቀዝቀዣውን አብረህ ግዛ። ሲወጣ ባለ 4 ጊጋው 60 ዶላር፣ ባለ 8 ጊጋው 80 ነበር። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የሜሞሪ ቺፕ ዋጋ ስለናረ እሱም ጨምሯል። ሁሉንም ደምረህ ስታየው፣ ያገለገለ ትንሽ የቢሮ ኮምፒውተር ዋጋ አጠገብ ትደርሳለህ። መብራት አስተማማኝ ቢሆን ኖሮ እሱን እንድትገዛ እመክርህ ነበር። ባትሪ ላይ ለሚሠራ ላብ ግን በጥቂት ዋት የሚኖር ፓይ ይሻላል።

አርኬ3588 ያላቸውን ቦርዶች ለምን አልመከርክም ትለኝ ይሆናል። ቁጥራቸው ያምራል፣ አይቻቸዋለሁ። ግን እነዚህ ቦርዶች ለዓመታት የኖሩት አምራቹ ባዘጋጀው ያረጀ ከርነል ላይ ነው። ወደ ዋናው ሊኑክስ የገቡት ቀስ በቀስ ነው። የ2012ቱ የመጀመሪያው ፓይ ግን ዛሬም አዲስ ሲስተም ይጫንበታል። ነገ አንተ ትዛወር ይሆናል። በአንተ ቦታ የሚመጣው መምህር ችግር ሲገጥመው መልስ የሚያገኝበት ቦርድ መሆን አለበት። ለትምህርት ቤት ይሄ ከ5 ሺህ ነጥብ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ለአጎትህ ልጅ ልትልከው የምትችለው ዝርዝር እኔ ብሆን ይሄ ነው። አንድ 256 ወይም 512 ጊጋ ኤስኤስዲ ከዩኤስቢ 3 መለወጫ ጋር። አንድ ለፓይ 4 የተሠራ ባለ 5.1 ቮልት፣ 3 አምፔር ቻርጀር። አንድ ዲኤስ3231 የሚባል የሰዓት ሞጁል። የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን አትርሳው። ፓይ 4 ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም። ኢንተርኔት በሌለበት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑን ይስተዋል። ሙድል ላይ «ፈተናው ገና አልተከፈተም» የሚል ነገር ታያለህ፣ ልጆቹም ግራ ይገባቸዋል። ፓይ 5 የራሱ ሰዓት አለው፣ ባትሪዋን ግን ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል።

መብራትን ካነሳሁ፣ መጻፍ መሀል የሚጠፋ መብራት ዳታቤዝ ያበላሻል። ኤስኤስዲም ቢሆን አይድንም። ለራውተር የሚሸጡት ትንንሽ ዩፒኤሶች ጥሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን 5 ቮልት ላይ የሚሰጡት 2 አምፔር ብቻ ነው። ለፓይ 4 ከነኤስኤስዲው ያንሳል። ጽሑፉን አንብበህ ግዛ። የዳታቤዙን ቅጂ ደግሞ በየማታው ወደ ኦሬንጅ ፓይህ እንዲልክ አድርገው።

አሁን የምትለካበትን መንገድ ልንገርህና ልጨርስ። መጀመሪያ ፓይ 4 ላይ ባለ 64 ቢቱን ሲስተም ጫን። 7-ዚፕን በአንድ ኮርና በሁሉም ኮር ሦስት ሦስት ጊዜ አስኪድ፣ መካከለኛውን ቁጥር ጻፍ። ከዚያ በ«ኤፍአይኦ» ዲስኩን ለካ። በ4 ኪሎባይት ቁራጭ፣ ወዲያ ወዲህ እየዘለለ፣ ማንበብም መጻፍም። መጀመሪያ በካርዱ፣ ቀጥሎ በኤስኤስዲው። ኔትወርኩን በ«አይፐርፍ» ከአንድ ላፕቶፕ እይ።

ከእነዚህ ሁሉ የበለጠው ፈተና ግን አንተው ክፍል ውስጥ አለ። ተማሪዎችህን አስቀምጥ። ሙድል ላይ አስር ጥያቄ ያለው ፈተና ክፈት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለህ ሠላሳውም በአንድ ላይ እንዲያስገቡ አድርግ። በስልክህ ሰዓት ያዝ። የመጨረሻው ልጅ ገጹ እስኪከፈትለት ስንት ሴኮንድ ፈጀ? አንዴ በካርዱ፣ አንዴ በኤስኤስዲው ሞክረው። ልጆቹም ይወዱታል፤ ለእነሱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ውጤቱ በኤስኤስዲው ላይ ከሦስት አራት ሴኮንድ ካልበለጠ ፓይ 5 አያስፈልግህም። ከበለጠ፣ በዚያን ሰዓት የቦርዱን ሥራ የሚያሳየውን «ቶፕ»ን ከፍተህ የሲፒዩውን መስመር ተመልከት። ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ላይ ተወጥሮ ከሆነ ፓይ 5 ይረዳሃል። «ደብሊውኤ» የሚለው ቁጥር ከፍ ብሎ ከሆነ ግን ፕሮሰሰሩ ዲስኩን እየጠበቀ ነው፤ ፓይ 5 ብትገዛም እዚያው ትቆማለህ።

ውጤቱን ስትልክልኝ የሙቀቱንና የ«ጌት ትሮትልድ»ን መልስ አብረህ ላክ። ያለ እነሱ ልፈርድልህ አልችልም። የኤስኤስዲ መለወጫውንም የቺፕ ስም ጻፍልኝ፣ የአጎትህ ልጅ ከመግዛቱ በፊት አየዋለሁ።